የቡና ችግኜን ያቃጠለው ብርሃን

አጎቴ ከጅማ ሲመጡ ሁለት የቡና ችግኞች ይዘውልኝ መጡ። ችግኞቹ ያደጉት በዋንዛ ጥላ ሥር ነው። እኔ ግን «ፀሐይ ቢያገኙ ይበልጥ ይፋፋሉ» ብዬ አንዱን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት፤ ለሌላው ቦታ ስላጣሁ ከግንብ ጥላ ሥር ተውኩት። በሳምንቱ የበረንዳው ችግኝ ቅጠሉ ገርጥቶ ጫፍ ጫፉ አረረ። ውሃ አልጎደለበትም። ጥላ ሥር የተተወው ግን እንደለመለመ ነው። ምግቡን ከብርሃን የሚሠራ ተክል እንዴት በብርሃን ይጎዳል?

ትምህርት ቤት ስለ ብርሃን አስተፃምሮ ስንማር ክሎሮፊል ብርሃንን እንደሚይዝ ተነግሮናል። ክሎሮፊልን ራሱን የሚይዘው ማን እንደሆነ ግን እኔ የተማርኩ አይመስለኝም። እስቲ የጎመን ቅጠል ጨፍልቃችሁ፣ ከእሳት አርቃችሁ፣ አልኮል ውስጥ ዘፍዝፉት። ፈሳሹን አጥልላችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሐሰተኛ ብር መለያ መብራት አብሩበት። አረንጓዴው ፈሳሽ ቀይ ሆኖ ያበራል። ክሎሮፊሉ የተቀበለውን ኃይል የሚያቀብለው ስላጣ መልሶ መጣሉ ነው።

በጤነኛ ቅጠል ውስጥ ክሎሮፊል የሚቀመጠው ብርሃን ሰብሳቢ በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የቻይና ተመራማሪዎች የዋናውን ሰብሳቢ ፕሮቲን ቅርጽ ከስፒናች ወስደው በዝርዝር አሳይተዋል። አንዱ ፕሮቲን 14 ክሎሮፊሎችና 4 ካሮቲኖይዶች ይይዛል፤ ሦስት ሦስት እየሆኑም ይጣመራሉ። ክሎሮፊሎቹ በጣም ተቀራርበው ስለሚደረደሩ ኃይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው በቅጽበት ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ወደ ኬሚካላዊ ኃይል የሚለወጥበት ማዕከል ይደርሳል።

ነገሩን በቤታችን ጣሪያ እንመስለው። ሰብሳቢዎቹ ፕሮቲኖች ጣሪያውና አሸንዳው ናቸው፤ ማዕከሉ ደግሞ በርሜሉ። ጥላ ሥር ያለ ቅጠል የሚያገኘው ካፊያ ስለሆነ ጣሪያውን ያሰፋል፤ ማለትም ሰብሳቢ ፕሮቲኖቹን ያበዛል። እኔ ለካፊያ የተሠራውን ቤት ወስጄ የሐምሌ ዶፍ ውስጥ አቆምኩት። በርሜሉ ሞልቶ የፈሰሰው ኃይል በቅጠሉ ውስጥ ወዳለው ኦክስጅን ሲተላለፍ፣ ኦክስጅኑ ፕሮቲንና ስብ የሚያበላሽ አደገኛ ነገር ይሆናል።

ተክሎች ለዚህ ማስተንፈሻ አላቸው። ብርሃን ሲበዛ ፒኤስቢኤስ የተባለ ፕሮቲንና ዚያዛንቲን የተባለ ካሮቲኖይድ ተጋግዘው ትርፉ ኃይል ሙቀት ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋሉ። የፒኤስቢኤስን ሚና እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ያደረጉት በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ክሪሽና ኒዮጊና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ችግሩ ማስተንፈሻው ቶሎ አለመዘጋቱ ነው። ደመና ሲያልፍ ወይም የላይኛው ቅጠል ሲያጠላ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ቅጠሉ ግን ለደቂቃዎች ያህል የሚፈልገውን ኃይል ጭምር መጣሉን ይቀጥላል።

ይህ ብክነት ከምርት ላይ የሚቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ኢሊኖይ ማስተንፈሻው ቶሎ እንዲዘጋ ተደርጎ የተሻሻለ ትምባሆ በማሳ ላይ 15 በመቶ ያህል የበለጠ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የአኩሪ አተር ሙከራ ደግሞ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ የምርት ጭማሪ አሳየ። በተከታዩ ዓመት ግን ሰብሉ ስለተጋደመ ጭማሪው አልተደገመም። ተስፋው ትልቅ ቢሆንም መንገዱ ገና አላለቀም።

የበረንዳውን ችግኝ ወደ ጥላ መለስኩት። ያረሩት ቅጠሎች አላገገሙም፤ አዳዲሶቹ ግን ለምለም ሆነው ወጡ። አሁን የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ጥቂት በጥቂት አስለምደዋለሁ። አዲስ ቅጠል ጣሪያውን እንደ ዝናቡ መጠን መሥራት ይችላልና።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ አስረዳኋቸው። በጸጥታ አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ዋንዛውንም ይዤልህ መምጣት ነበረብኝ» አሉኝ።