ድንጋይ የሚጠርቡ የኮንሶ እናቶች

ውድ እኅቶቻችን፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 የሙሴ ሚስት ሲፓራ ልጇን የገረዘችው በባልጩት እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችን «ያኔ ብረት አልነበረም ወይ?» ብለን እናልፈዋለን። ድንጋይ ጠርቦ መሣሪያ ማድረግ ግን በአገራችን እስከ ዘመናችን የዘለቀ ሙያ ነው፤ በኮንሶ ደግሞ የሴቶች ሙያ ነው።

ጥንቱን ለመጥቀስ ያህል፣ በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳላቸው ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 አሳውቀዋል። እነዚያ በመዳፍ የሚያዙ ነበሩ። እጀታ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በገደሞታ ከተገኙት የባልጩት ስለቶች ጥንታዊዎቹ ከ279,000 ዓመት በላይ ናቸው፤ ተመራማሪዎች ስብራታቸውን አይተው፣ እንጨት ላይ ተሰክተው እንደ ጦር ይወረወሩ እንደነበር ያስረዳሉ።

ይህን ሁሉ የሠራው ማን ነው ሲባል በመጻሕፍት የሚሳለው ወንድ ነው። ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን አርተር የተባሉ ተመራማሪዎች ግን ኮንሶ ሄደው ያገኟቸው ጠራቢዎች ሴቶች ነበሩ። (በጋሞ ይህ የወንዶች ሥራ ነው።)

ሴቲቱ ድንጋዩን መርጣ ታመጣለች፤ በብረት መትታ ስንጣሪ ታወጣለች፤ ጠርዙን በትንንሽ ምት አስተካክላ መፋቂያ ታደርገዋለች፤ የጥርሱን ማለታችን አይደለም፣ የቆዳውን ነው። ከዚያ በእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ በዛፍ ሙጫ ታጣብቀዋለች። ሙጫው በእሳት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋዩን አንቆ ይይዛል። ስለቱ ሲደነዝዝ እንደገና ጠርዙን መትታ ታሰላዋለች፤ ሲያልቅ አውልቃ ሌላ ትተካለች። እጀታው ግን ይቆያል። የጀማሪ ድንጋይ ቶሎ ይሰበራል፤ እጅ እስኪፈታ ዓመታት ይፈጃል፤ የምታስተምረውም እናት ናት።

እንዲህ ያለች ባለሙያ ግን በሠፈሯ ዝቅ ተደርጋ ትታያለች። «ፋቂ» የሚለው ቃል በአማርኛም ስድብ ሆኗል፤ ሥራችሁን በስድብ ስም ሲጠሩባችሁ የሰማችሁ እናንተ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እኛም የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብንሆን ከዚህ ነፃ አይደለንም። ዳዊታችን የተጻፈበት ብራና የተፋቀ ቆዳ ነው፤ ብራና የሚፍቀውን እናከብራለን፣ የመኝታ ቁርበት የምትፍቀውን እንንቃለን።

ከኮንሶ ወይም ከጋሞ የመጣችሁ እኅቶች፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ስትሠራ ያያችሁትን ከቅዳሴ በኋላ ብትነግሩን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። በተለይ ሙጫው ከየትኛው ዛፍ እንደሚወጣ ስሙን በቋንቋችሁ ጻፉልን።