የ19 ዓመቱ ተጫዋች ስንት ያወጣል?

«ባዘርቢተር» በተሰኘው የኢንተርኔት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ተወዳዳሪው ኳስ አይነካም፤ ቡድን ያስተዳድራል እንጂ። በየሳምንቱ አንድ የሥልጠና ዓይነት ይመርጣል፤ ሙሉ ጥቅሙም በተመረጠው ቦታ 48 ደቂቃ ለተሰለፈ ተጫዋች ይደርሳል። ወጣቱ ፈጥኖ ያድጋል፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን ይዘገያል።

እንግዲህ የ19 ዓመቱ ልጅ ለጨረታ ሲቀርብ የሚሸጠው የዛሬው ችሎታው ብቻ አይደለም፤ ገና ያልመጣው ዕድገቱ ጭምር ነው። ችሎታውን ተጫራቾች ሁሉ እኩል ያዩታል፤ የወደፊቱን ግን እያንዳንዱ በግምት ይተምናል። ግምቶቹ በአማካይ ትክክል ቢሆኑ እንኳ ጨረታውን የሚያሸንፈው ከሁሉ አብልጦ ያጋነነው ነው። ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ነዳጅ ቦታዎች ጨረታ የጻፉት ይህንኑ ነበር፤ ክስተቱ «የአሸናፊው እርግማን» ይባላል። ዕድገቱ ቢቀርም ደመወዙ በየሳምንቱ ይከፈላል!

ስለዚህ ተጫራች በበዛ ቁጥር የራስን ግምት ይበልጥ ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው።