የወንዴ ዘር ጉዞ በላም የመራቢያ አካል ውስጥ

የኮርማ ዘር እንቁላል ዘንድ የሚደርሰው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም። የላሟ የመራቢያ አካል ዘሩን ያጣራል፣ ያጓጉዛል፣ ጠብቆ ያቆያል፤ ጊዜው ሲደርስም ይለቀዋል። በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል ሰዓት የሚጠበቅበትም ምክንያት ይኸው ነው።

በተፈጥሮ ጥቂያ ኮርማው በቢሊዮን የሚቆጠር ዘር በማህፀን በር አካባቢ ያፈሳል። የማህፀን በር የመጀመሪያው ማጣሪያ ነው። በድራት ወቅት በእጥፋቶቹ ግርጌ ያለው ቀጭን ፈሳሽ በደንብ ለሚዋኙት ዘሮች መንገድ ይሰጣል፤ በመካከሉ ያለው ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ግን ደካሞቹን ይዞ ወደ ውጭ ይወጣል። ማህፀን ከገቡትም አብዛኞቹ ወደ ኋላ ይፈሳሉ ወይም በነጭ የደም ሴሎች ይዋጣሉ። የቀሩትን የማህፀኑ ጡንቻ እየተኮማተረ ወደ ፊት ይገፋቸዋል።

ወደ ማህፀን ቱቦ የዘለቁት ጥቂቶች በቱቦው ጠባብ የታችኛ ክፍል ይከማቻሉ። ዘሩን የሸፈኑት፣ ከኮርማው የዘር ፈሳሽ የተገኙ ፕሮቲኖች በቱቦው ግድግዳ ሴሎች ላይ ፉኮስ የተባለ ስኳር ካላቸው ሞለኪውሎች ጋር ያያይዙታል። በዚህ ሁኔታ የተያያዘ ዘር ዕድሜው ይረዝማል፤ ብዙ ዘር በአንድ ጊዜ እንቁላሉን እንዳይወርም ይከላከላል።

ዘሩ እንቁላሉን ለመውጋት የሚያበቃውን ለውጥ ማለትም ካፓሲቴሽንን የሚያገኘው በሴቷ አካል ውስጥ ነው። ይህንንም ቻንግና ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1951 በየግላቸው ደርሰውበታል። ዘሩ ሲለወጥ የሸፈኑት ፕሮቲኖች ይቀንሳሉ፣ የጅራቱ ምት ይበረታል፤ ከግድግዳው ተላቆም ወደ እንቁላሉ ያመራል።

በሰው ሠራሽ ዘዴ ዘሩ ከማህፀን በር አልፎ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጥ ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ያህል ይበቃል። ሆኖም በፈሳሽ ናይትሮጅን የቆየ ዘር ሽፋኑ ይጎዳል፤ ካፓሲቴሽን መሰል ለውጥም ያለጊዜው ስለሚጀምርበት ዕድሜው ያጥራል። እንቁላሉ የሚወጣው ድራት ከጀመረ ከ24 እስከ 32 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሲሆን፣ ከወጣ በኋላ ለጽንስ ብቁ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በቱቦው በቂ ዘር ለመከማቸትም 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እጅግ ቀድሞ የተሰጠ ዘር እንቁላሉ ሳይወጣ ያልቃል፤ የዘገየም ያረጀ እንቁላል ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ድራት የታየባት ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

የዜቡ ላሞች ድራት አጭርና ብዙ ጊዜ በሌሊት የሚታይ በመሆኑ ምልክቱ በቀላሉ ያመልጣል። ያመለጠ ድራት ደግሞ 21 ቀን ያህል ያስጠብቃል፤ ለባለቤቱ ይህ የወተትና የጥጃ ኪሳራ ነው። እንግዲህ ላም ተዳቅላ ሳትፀንስ ስትቀር መካን ናት ከማለት በፊት ድራቱ የታየበትንና የተዳቀለችበትን ሰዓት፣ የዘሩን አያያዝና የማህፀኑን ጤንነት መመርመር ይገባል። ከወሊድ በኋላ የተመረዘ ማህፀን ጥሩውንም ዘር ያጠፋልና።