ስለ ዶሮ ቤት የሽቦ መረብ አመራረጥ

በቦንጋና በአካባቢዋ ለዶሮ ቤት የሚሆን የሽቦ መረብ ለሚጠይቅ ገዢ፣ ዓይኑ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነው ቀጭን ሽቦ በርካሽነቱ ይመረጥለታል። ይሁን እንጂ ይህ ሽቦ የተሠራው ዶሮ እንዳትወጣ እንጂ አውሬ እንዳይገባ አይደለም። ደን ከደጅ በሆነበት በከፋ ደግሞ ሌሊት የሚመጡት ሸለምጥማጥና ጥርኝ ናቸው። (ጥርኝ ለነጋዴ በዝባዱ የከበረ እንስሳ ቢሆንም ለዶሮ ባለቤት ጠላት ነው።) ሸለምጥማጥ በሰፊ ዓይን ይሾልካል፤ ጠንካራ ጥርስም ቀጭኑን ሽቦ ይበጥሳል።

ስለዚህ አስመጪው ትእዛዝ ሲጽፍ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ሦስት ነገር ይግለጽ፤ ይኸውም የተበየደ መረብ፣ ዓይኑ 13 ሚሊሜትር፣ የሽቦው ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ያላነሰ ብሎ ነው። የዚንኩም ነገር አይዘንጋ። ዝናብ በሚበዛበት በከፋ፣ ዚንክ ከተቀባ በኋላ የተበየደ ሽቦ ብየዳው ዚንኩን ስለሚያቃጥለው ከመገጣጠሚያው ይዝጋል፤ ከብየዳ በኋላ የተነከረው ግን ይቆያል። ባለ ሱቁ መገጣጠሚያውን በዓይኑ ሊመረምር ይችላል፤ የጠቆረ ነጥብ ካየ አይቀበል።

ርካሹ ሽቦ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ዶሮዎቹ ቀን የሚውሉበትን ግቢ ከጭልፊት ለመሸፈን ይበቃል። የማደሪያው መረብ ግን 30 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ውስጥ መቀበር ስላለበት፣ ሻጩ ይህንኑ አስቦ ለገዢው በሜትር ቆርጦ ይሽጥ።