ስለ አሮጌ ብስክሌት ዕቃ አፈላለግ

ብስክሌት በሁለት መንኰራኵር የምትሄድ፥ የሰው እግር የሚያንቀሳቅሳት መሣሪያ ናት። ገብስ አትበላም፥ ውሃም አትጠጣም፤ ነገር ግን ዘይትና ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ዛሬ የሚታየውን መልክዋን ያገኘችው በእንግሊዝ አገር ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1885 ዓመት ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ ሰው በኮቨንትሪ ከተማ መንኰራኵሮችዋ በቁመት የሚቀራረቡ፥ የኋላውም መንኰራኵር በሰንሰለት የሚዞርላት ብስክሌት ሠራ። በ1888 ደግሞ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ነፋስ የሚሞላ የብስክሌት ጎማ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብስክሌት በዓለም ሁሉ ተስፋፋች።

ብረትዋ መልካም የሆነ ብስክሌት ከዝገት ከተጠበቀች፥ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ልትተላለፍ ትችላለች። ነገር ግን አካላትዋ ሁሉ እኩል ዕድሜ የላቸውም። ጎማ በፀሐይ ይሰነጠቃል፤ ሰንሰለት እየተፋተገ ይላላል፤ በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ኳሶች ያልቃሉ፤ የፍሬን ላስቲክ ይደርቃል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ብስክሌቲቱ አትጣልም፤ የደከመው ዕቃ ወጥቶ ሌላ ይተካበታል። ብራና ሲቀደድ ጠቢብ ሰው መጽሐፉን አይጥለውም፤ ቀዳዳውን በጅማት ሰፍቶ ያድሰዋል እንጂ። የአሮጌ ብስክሌት ጠጋኝም ሥራው እንዲሁ ነው።

ይሁን እንጂ ለአሮጌ ብስክሌት ዕቃ መፈለግ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ምን ቢሉ፥ በቀድሞ ዘመን ፋብሪካዎች ሁሉ በአንድ ልክ አይሠሩም ነበርና። እንግሊዞች በኢንች ይለኩ ነበር፤ ፈረንሳዮች በሚሊሜትር ይለኩ ነበር፤ አንዳንዱ ፋብሪካ ደግሞ የራሱ ልክ ነበረው። ስለዚህ ስማቸው አንድ ሲሆን ልካቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዕቃዎች ብዙ ናቸው።

ለምሳሌ ፔዳል አለ። የእንግሊዝ ፔዳል ብሎን ውፍረቱ የኢንች 9/16 ነው፤ ይህም 14.3 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የቀድሞው የፈረንሳይ ፔዳል ብሎን ግን 14 ሚሊሜትር ነው። ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ያንሳል፤ በዓይን አይለይም። የፈረንሳዩ ፔዳል በእንግሊዙ የብረት ክንድ ውስጥ ሲታሰር በደኅና የገባ ይመስላል። ነገር ግን ውሎ አድሮ ይነቃነቃል፥ ጥርሱም ጥቂት በጥቂት ይበላል። ነጂው ዳገት ሊወጣ አጥብቆ በረገጠው ጊዜ ተነቅሎ ሊጥለው ይችላል። የእንግሊዙም ፔዳል በፈረንሳዩ ክንድ ውስጥ በግድ ቢታሰር የክንዱን ጥርስ ያበላሻል።

ጎማም እንዲሁ ነው። በብዙ አሮጌ የእንግሊዝ ብስክሌቶች ጎማ ላይ «26 × 1 3/8» የሚል ቍጥር ይገኛል። በኋላ ዘመን ለተራራ መንገድ በተሠሩት ብስክሌቶች ጎማ ላይ ደግሞ «26 × 1.75» የሚል አለ። ሁለቱም 26 ይባላሉ። ነገር ግን ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት በፊተኛው 590 ሚሊሜትር፥ በኋለኛው 559 ሚሊሜትር ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በሒሳብ ትምህርት 1 3/4 እና 1.75 አንድ ቍጥር ናቸው። በጎማ ግን አንድ አይደሉም። በአሜሪካ ለተሠሩ አንዳንድ አሮጌ ብስክሌቶች የሚሆነው «26 × 1 3/4» የተባለው ጎማ በ571 ሚሊሜትር ቸርኬ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አንዱ በሌላው ፋንታ አይገባም። ይህን ስሕተት ለማራቅ ዛሬ በጎማው ጎን «37-590» እንደሚል ያለ ቍጥር ይጻፋል። ፊተኛው የጎማው ወርድ፥ ኋለኛው የቸርኬው ስፋት ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር ናቸው። አስተዋይ ገዢ ኋለኛውን ቍጥር ሳያነብ ገንዘቡን አያወጣም።

በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ ራሌይ የሚባል ታላቅ የብስክሌት ፋብሪካ ነበረ። በዚያች ከተማ ብስክሌት መሥራቱን በ2002 አቆመ፤ የሠራቸው ብስክሌቶች ግን በብዙ አገር እስከ ዛሬ ይሄዳሉ። በሌሎች የእንግሊዝ ብስክሌቶች የፔዳሉ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ አለው። በብዙዎቹ የራሌይ ብስክሌቶች ግን 26 ጥርስ አለው። ይህን ያላወቀ ሰው ባለ 24 ጥርሱን ዕቃ ገዝቶ በመፍቻ በግድ ቢያስገባው የቀዳዳው ጥርስ ይፈርሳል። ይህ ቀዳዳ ያለው ቴላዮ በሚባለው በዋናው የብረት አካል ላይ ነው። ትንሽ ዕቃ ሲበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ቴላዮ ሲበላሽ ግን ብስክሌቲቱ ራስዋ ተበላሸች። ጥቂት ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ ሥራው በችኰላ ከሆነ ሰባ ዓመት የኖረውን ያጠፋል።

እንግዲህ የመልካም ጠጋኝ ልማድ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፥ አሮጌውን ዕቃ አይጥልም። የተሰበረም ቢሆን፥ የዛገም ቢሆን፥ የሚፈለገውን ዕቃ የሚያሳውቅ አስተማሪ እርሱ ነው። ስለዚህ በጨርቅ ጠቅልሎ፥ ከየት እንደ ወጣና በስተ ቀኝ ወይም በስተ ግራ መሆኑን ጽፎ ያኖረዋል።

ሁለተኛ፥ ዝገት ያጣበቀውን ብሎን በጕልበት አይፈታም። ዘይት ጨምሮበት ያሳድረዋል፤ በነጋውም ይሞክረዋል። የሚፈታበትንም አቅጣጫ ያውቃል። የቀኙ ፔዳል እንደ ሌላው ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ግን ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን የማያውቅ ሰው እፈታለሁ ብሎ ያጠብቃል።

ሦስተኛ፥ በዕቃው ላይ የተቀረጸውን ያነባል፥ ልኩንም ይለካል። ስተርሚ አርቸር በሚባሉት ባለ ሦስት ማርሽ እምብርቶች በብዙዎቹ ላይ የተሠሩበት ዓመትና ወር ተቀርጾ ይገኛል፤ ከዚህም የሚስማማው ዕቃ ይታወቃል። ጽሕፈት በሌለበት ጊዜ መለኪያ ይናገራል። ፔዳል የሚይዘውን ክንድ ከዘንጉ ጋራ የሚያስረው ትንሽ የብረት ሽብልቅ በእንግሊዝ ብስክሌቶች ብዙውን ጊዜ 9.5 ሚሊሜትር፥ በሌሎች አገሮች ብዙውን ጊዜ 9 ሚሊሜትር ነው። ቀጭኑ ሽብልቅ በሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ቢገባ አይጠብቅም፤ ክንዱም በእያንዳንዱ ርምጃ ይንቀጠቀጣል።

አራተኛ፥ ዕቃውን በየስፍራው ይፈልጋል። ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ በቀድሞ ነጋዴዎች ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ዳግመኛ ለመሄድ የማትሆን አንዲት ብስክሌት ለሌሎች ሦስት ብስክሌቶች ዕቃ ልትሰጥ ትችላለች። አንዳንዱም ዕቃ ዛሬ በአዲስ ይሠራል። የስተርሚ አርቸር ሥራ በ2000 ለታይዋን ኩባንያ ተሸጦ በዚያ አገር ቀጥሏል። በህንድ አገር ደግሞ በቀድሞው በእንግሊዝ መልክ ብስክሌት ስለሚሠሩ፥ ለእነርሱ የሚሆን ባለ «28 × 1 1/2» ጎማና በብረት ዘንግ የሚሳብ ፍሬን ከዚያ ይመጣል። ከየትም ያልተገኘውን ዕቃ ብረት የሚያዞር ባለ ሙያ በልኩ ሊሠራው ይችላል።

አምስተኛ፥ አዲሱን ብሎን በመፍቻ ከማጥበቁ በፊት በጣቱ ያስገባዋል። የሚስማማ ብሎን ያለ ትግል ብዙ ዙር በጣት ይዞራል። በመጀመሪያው ዙር እንቢ ያለ እንደ ሆነ ወይ ልኩ አይደለም፥ ወይ ተንጋዷል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል።

ዳግመኛ ጠጋኙ የሚቀድመውንና የሚከተለውን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ደወልና የፋብሪካው ምልክት ለውበት ናቸው፤ ቢዘገዩ ጕዳት የለባቸውም። ፍሬን፥ ጎማ፥ ፔዳልና የፔዳሉ ሽብልቅ ግን የነጂው ሕይወት የተሰቀለባቸው ናቸው። የቀድሞ ብስክሌቶች ቸርኬ ብረት ስለ ሆነ በዝናም ጊዜ ፍሬናቸው ይደክማል፤ ላስቲኩ የደረቀ ከሆነ ደግሞ ቍልቍለት ላይ አያቆምም። ስለዚህ ለመልክዋ ብሎ ያረጀ ፍሬን ትቶባት ብስክሌቲቱን የሚሸጥ ሰው ሥራውን አላሳመረም፤ የባልንጀራውን ሕይወት አቃለለ እንጂ። የማይስማማ ዕቃ ያስገባ ጠጋኝም ለባለቤቱ እውነቱን ሊነግረው ይገባል። ቀለም ስሕተትን ይሸፍናል፤ ዳገትና ቍልቍለት ግን ይገልጡታል።

የቀድሞ ሰዎች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በስም ብቻ ተመርጦ በግድ የገባ ዕቃ እንዲሁ ነው። በስም አንድ የሆነ ሁሉ በልክ አንድ አይደለም፤ ይህም በብስክሌት ዕቃ ብቻ ሳይሆን በሰውና በነገር ሁሉ ይታያል። ስለዚህ አስተዋይ ልጅ ሳይለካ አይገዛም፥ ሳይመረምርም አያምንም፤ በትዕግሥት ፈልጎ የሚስማማውን ባገኘ ጊዜ ግን አባቱ የነዳትን ብስክሌት እርሱም በደኅና ይነዳታል።