ያልታዘዘ ተቀናሽ

ከሳሪስ ወርዶ፥ የቃሊቲን መናኸሪያ አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት የብረታ ብረት፥ የጨርቃ ጨርቅና የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ሠርቶ የሚያድረው ሠራተኛ ቀድሞ የወሩን ደመወዝ ለመቀበል የሚሰለፈው በገንዘብ ያዡ መስኮት ፊት ነበር፤ ዛሬ ግን ደመወዙ በባንክ በኩል ስለሚያልፍ ሰልፉ ወደ ገንዘብ መክፈያው ማሽን ተዛውሯል። የላቡን ዋጋ አስቀድሞ በስልክ መልእክት የሚያየው ይህ ሰው፥ ከዕለታት አንድ ቀን ያላዘዘው ገንዘብ ከሂሳቡ እንደ ወጣ ቢያነብ፥ ማን እንደ ቀነሰው፥ በምን ሥልጣን እንደ ቀነሰው፥ ለማንስ አቤት እንደሚባል ስለማያውቅ ብዙውን ጊዜ «ከባንክ ጋር ማን ይሟገታል» ብሎ ይተወዋል። ይህን ዝምታ እኔ እንደ ትዕግሥት አልቆጥረውም፤ የገዛ መብትን ካለማወቅ የሚመጣ ነውና።

አባቶቻችን በፍትሐ ነገሥት ይዳኙ በነበረበት ዘመን አደራ የራሱ አንቀጽ ነበረው፤ ባለ አደራውም የተቀበለውን ንዋይ ጠብቆ ለባለቤቱ የመመለስ ግዴታ ነበረበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ግን በባንክ ለተቀመጠ ገንዘብ ሌላ ሥርዓት አቆመ፤ በእርሱ መሠረት ባንኩ የተቀበለውን ገንዘብ የራሱ አድርጎ ሊሠራበት ይችላል፥ በለውጡም ያንኑ ያህል ገንዘብ ለደንበኛው ለመክፈል ባለ ዕዳ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፥ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሣራ የነበረውን ሲለውጥ፥ የባንክን ሥራ የሚመለከተውን የቀድሞውን ክፍል አልነካውም። ስለዚህ በቅርንጫፉ መስኮት ፊት ቆሞ ስለ ገንዘቡ የሚጠይቀው የአቃቂ ሠራተኛ ጉዳዩን በሕግ ዓይን ካየነው አበዳሪ ነው፤ አበዳሪ ደግሞ ተበዳሪውን «ዕዳህ ስለ ምን አነሰ» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይባልም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሰዋል። በዚያ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት ምክንያት ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ወሬውም ከአንዱ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሌላው በስልክ ተዛምቶ፥ ተማሪዎች በሌሊት ከመኝታቸው ተነሥተው በገንዘብ መክፈያው ማሽን ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንደ ገለጸው በዚያ ሌሊት ከ490,000 በላይ የገንዘብ እንቅስቃሴ ተደርጎ ነበር፤ ያለ አግባብ የወጣውም ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ገለጠ፤ ከገንዘቡም አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመለሰ።

ባንኩ ገንዘቡን ለማስመለስ የነበረው መብት የማያጠራጥር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሌላው ሀብት ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው እንዲመልስ በአንቀጽ 2162፥ ሊከፍል የማይገባውን የከፈለም ሰው እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል በአንቀጽ 2164 ይደነግጋል። ነገር ግን ይህ ሕግ የተጻፈው ለባንክ ብቻ አይደለም። ተማሪውን «ያንተ ያልሆነውን መልስ» ያለው ያው ርትዕ፥ ባንኩ በስሕተት ሁለት ጊዜ የቀነሰውን፥ ላልሰጠው አገልግሎት ያስከፈለውን፥ ሳይታዘዝ ያስተላለፈውን ገንዘብ ሲይዝ ለባንኩም ያንኑ ይላል። ልዩነቱ በሕጉ ሳይሆን በጉልበቱ ነው፤ ባንኩ ፎቶግራፍ የሚለጥፍበት ሰሌዳ አለው፥ ሠራተኛው ግን ያለው አንድ ማመልከቻ ነው። ያ ማመልከቻ በደንብ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ሥራውን ይሠራል።

በብዛት የሚያጋጥመውን እንይ። ሠራተኛው ከሌላ ባንክ ማሽን ሁለት ሺህ ብር ጠየቀ እንበል፤ ማሽኑ ጮኾ ካርዱን መለሰ፥ ገንዘቡን ግን አልሰጠም፤ በስልኩ የመጣው መልእክት ሁለቱ ሺህ ብር እንደ ተቀነሰ ይናገራል። ይህ ሰው ወደ ማሽኑ ባለቤት ባንክ ቢሮጥ ድካሙ ከንቱ ነው፤ አቤቱታው የሚጀመረው ካርዱን ከሰጠው ከራሱ ባንክ ነው፥ ባንኮቹ ማሽኖቻቸውን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል የሚተሳሰቡት እርስ በርሳቸው ነውና። ማሽኑ እያንዳንዱን ጥያቄ በሰዓትና በደቂቃ ይመዘግባል፤ ሣጥኑም ተከፍቶ ሲቈጠር ያልወጣው ገንዘብ በትርፍ ይገኛል። ስለዚህ ደንበኛው የቆመበትን ቦታ፥ ቀኑንና ሰዓቱን፥ የጠየቀውን መጠንና በመልእክቱ ወይም በደረሰኙ ላይ ያለውን የመለያ ቁጥር፥ ሰዎች «ኤፍቲ» የሚሉትን፥ አሟልቶ ከጻፈ የሚመረምረው ሠራተኛ ሁለቱን መዛግብት አስተያይቶ እውነቱን ሊያገኝ ይችላል። «ገንዘቤ ጠፋ» ብሎ ብቻ የሚጮኽ ግን፥ እውነተኛ ቢሆንም፥ ለመርማሪው የሚጨበጥ ነገር አይሰጠውም።

አቤት ከማለት በፊት የገዛ ፊርማን መመልከት ደግሞ ተገቢ ነው። በቱሉ ዲምቱ ወይም በኮዬ ፈጬ በ20/80 መርሐ ግብር የኮንዶሚኒየም ቤት የደረሰው ሰው በብድር ውሉ ወርኃዊው ክፍያ ከሂሳቡ እንዲቀነስ ፈቅዶ ከሆነ፥ ያ ተቀናሽ ራሱ የታዘዘ ነው፤ መጠኑ ወይም ቀኑ ከውሉ የተለየ እንደ ሆነ ግን ክርክር አለው። ከአገልግሎት ክፍያ ላይ የሚታሰበውም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከክፍያው ተለይቶ ይታያል፤ ክፍያው ያለ አግባብ የተወሰደ ከሆነ በእርሱ ላይ የታሰበው ታክስም አብሮ እንዲመለስ መጠየቅ አይዘንጋ።

የነጋዴው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በአገራችን ከተቀመጠው ገንዘብ በላይ ማውጣት፥ ማለትም ኦቨርድራፍት፥ ለተንቀሳቃሽ ሂሳብ በውልና በመያዣ የሚፈቀድ ብድር ነው፤ ሂሳቡ ያለ ውል ከዜሮ በታች ወርዶ ወለድ ቢታሰብበት፥ ነጋዴው ወለዱ በየትኛው ውል፥ በስንት በመቶ፥ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደ ታሰበ በጽሑፍ እንዲነገረው ሊጠይቅ ይገባዋል። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ያወጣ ግን ተጠያቂነቱ ከባንኩ ጋር በመተሳሰብ አያበቃም፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ይጠብቀዋል። ስለዚህ ባንኩ በስሕተት ቀንሶበት ቼኩ የተመለሰበት ነጋዴ ማስረጃውን በዚያው ዕለት ቢሰበስብ ይበጀዋል።

በእንግሊዝ አገር እንኳ ይህ የኦቨርድራፍት ክርክር ረዥም ነበር። ብዙ ሺህ ደንበኞች ሂሳባቸው ያለ ፈቃድ ከዜሮ በታች ሲወርድ የተጣለባቸውን መቀጫ ለማስመለስ ከተሟገቱ በኋላ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ለባንኮቹ ፈረደ፤ ነገር ግን ጥያቄው ስላልሞተ፥ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ባንኮች ለዚህ ዓይነቱ ዕዳ በውል ከተፈቀደው አብልጠው እንዳያስከፍሉ ከለከለ። የብዙዎች አቤቱታ በፍርድ ቤት ቢሸነፍም ደንብ እንደሚያስለውጥ ከዚህ ይታያል።

በእኛም አገር ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል፤ ባንኮች ክፍያቸውን አስቀድመው እንዲያሳውቁና ቅሬታ ተቀብለው የሚመረምሩበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዛል። አካሄዱ ይህ ነው፤ ደንበኛው የሂሳብ መግለጫውን አስወጥቶ የሚከራከርበትን መሥመር ያሰምርበታል፥ ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ጽፎ አንዱን ለቅርንጫፉ ይሰጣል፥ በሌላው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርጎ ለራሱ ያስቀራል። ቅርንጫፉ ካልመለሰለት ወደ ዲስትሪክቱና ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፥ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ፥ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የ10 ዓመት ጊዜ ቢሰጥም፥ መዝገቡ ትኩስ ሳለ ያልተጠየቀ ነገር ከዓመታት በኋላ ለማስረዳት አዳጋች ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ ቅርንጫፎች ለምትሠሩ ሥራ አስኪያጆች ደግሞ የማቀርበው ልመና አለኝ። የክፍያችሁን ዝርዝር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ ደንበኛ በሚቆምበት ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ከፈረቃ ወጥቶ የመጣ ሠራተኛ ማመልከቻ ሲያቀርብላችሁም በቃል «እናየዋለን» ብላችሁ አትመልሱት፥ በቅጂው ላይ ማኅተማችሁን አድርጉለት።