ራጁን ኮምፒውተር ሲያነበው፦ ሳንባ ላይ የታየችው ነጭ ነጥብ ምንድን ናት?

ነገሩን ታውቁታላችሁ። አንድ ሰው ሳል አልለቅ ይለዋል፣ ከብልባላ መኪና ይዞ ላሊበላ ሄዶ የደረት ራጅ ይነሳል። ከዚያ ራጁን በስልኩ ፎቶ ያነሳና ደሴ ወይም ባሕር ዳር ጤና ለምታጠና የእህቱ ልጅ በቴሌግራም ይልካል። «እስኪ እዪልኝ፣ ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?» አሁን አሁን ደግሞ ያው ፎቶ ለኤ.አይ ነው የሚላከው።

ኮምፒውተር ይህችን ነጥብ ማየት ይችላል ወይ? ይችላል። ግን እንዴት እንደሚያይ ካላወቅን «ኖርማል ነው» ሲለን ዝም ብለን እንተኛለን፤ «ኖዱል አለ» ሲለን ደግሞ ቤቱ ለቅሶ ይሆናል።

ኖዱል ማለት ሳንባ ውስጥ ያለች፣ ክብ መሰል፣ ስፋቷ ከ3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠች እብጠት ናት። ካንሰር ልትሆን ትችላለች። እንደኛ ቲቢ በበዛበት አገር ግን ቲቢ ወይም የዳነ ቲቢ ጠባሳ የመሆን ዕድሏም ትልቅ ነው። (እዚህ ጋ አማርኛችን ራሱ ያደናግራል። «የሳንባ ነቀርሳ» ቲቢ ነው፤ ካንሰርንም ግን «ነቀርሳ» የሚል ሰው ሞልቷል። ሐኪም ነቀርሳ ካላችሁ «የቱ?» ብላችሁ ጠይቁ።) አንዳንዴ ደግሞ ነጥቧ ሳንባ ውስጥ አይደለችም፤ የጡት ጫፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ተሰብሮ የዳነ የጎድን አጥንት ሆና ትገኛለች።

ምክንያቱም ራጅ ጥላ ነው። ጎድን፣ ልብ፣ የደም ሥር፣ ጀርባ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተደራርበው ይወጣሉ። ትንሽ ነጥብ ከጎድን ኋላ ስትደበቅ የሠለጠነ ዓይንም ያልፋታል። አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ በተሠራና በ1983 እ.ኤ.አ በወጣ ጥናት፣ በሳንባ ዳር አካባቢ ከተገኙ 50 ካንሰሮች ውስጥ 45ቱ ወደኋላ ተመልሶ ሲታይ ቀደም ባለው ራጅ ላይም ነበሩ። አልታዩም እንጂ።

ኮምፒውተርን ለማስተማር የተሞከረው ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኩኒዮ ዶይ እና ሜሪኤለን ጊገር የሠሩት ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። ከአንድ ራጅ ሁለት ምስል ይሠራሉ፤ በአንዱ ክብ ክብ ነገር እንዲጎላ፣ በሌላው እንዲደበዝዝ ይደረጋል። ከዚያ አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። ጎድኑ በሁለቱም ላይ ስላለ አብዛኛው ይጠፋል፣ ክቡ ነገር ይቀራል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ የቀረውን ቅርጽ ይለካል፦ በእርግጥ ክብ ነው ወይስ ሁለት ጎድን የተሻገሩበት ቦታ ነው? ችግሩ ብዙ ጊዜ የሌለውን አለ ማለቱ ነበር።

የዛሬው ኤ.አይ እንዲህ ደረጃ በደረጃ አይነገረውም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ራጅ ይሰጠዋል፣ ልዩነቱን ራሱ ይፈልጋል። በ2017 እ.ኤ.አ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ብቻውን 112,120 የደረት ራጅ ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል። የራጆቹ መለያ ግን ከሐኪሞች ሪፖርት ላይ በኮምፒውተር የተለቀመ ስለሆነ ስህተት አለበት።

ማሽኑ ደግሞ ያልተፈለገ ነገርም ይማራል። በ2018 እ.ኤ.አ የወጣ አንድ ጥናት ሳንባ ምች ለመለየት የሠለጠነ ኤ.አይ ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ማወቅ መቻሉን አሳየ። ባለሙያዎች ራጁ ጥግ ላይ የሚያስቀምጧት የብረት ምልክት እንኳ ፍንጭ ትሰጠው ነበር። ሌላ ሆስፒታል ሲወስዱት ውጤቱ የወረደበት ጊዜ አለ።

እስኪ ይህን ወደ ላስታ አምጡት። እኛ ጋ የአንገት መስቀል የሌለው ስንት ሰው ነው? ባለሙያው «አውልቁ» ሲል ማተብ በጥሱ ማለቱ አይደለም፤ መስቀሉ ብረት ስለሆነ ደረት ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ከስሩ ያለውንም ይሸፍናል። ወደ ጀርባ መወርወሩም አይረዳም፤ ጨረሩ ከፊት እስከ ኋላ አልፎ ነው ምስሉን የሚሠራው። በራስ በኩል አውጥቶ መያዝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2021 እ.ኤ.አ ላይ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ራጅን ሐኪም ሳይሆን ሶፍትዌር አንብቦ ለቲቢ ምርመራ እንዲለይ ፈቅዷል። ለቲቢ ነው፤ ካንሰርን ለመለየት አይደለም። ሶፍትዌሩ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ከፍ ያለው ሰው አክታው ይመረመራል። ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ክብደቱ 3.5 ኪሎ የሆነ፣ በባትሪ የሚሠራ የፉጂፊልም ራጅ ማሽንም አለ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና ራዲዮሎጂስት በሌለበት ቦታ ለኔ ትልቁ ተስፋ ይኼ ነው፤ ሰውዬው ላሊበላ ከሚሄድ ማሽኑ ብልባላ ቢመጣ።

ስልካችን ላይ ያለው ኤ.አይ ግን ሌላ ነገር ነው። ሆስፒታል የሚገባው ሶፍትዌር ከማሽኑ የወጣውን ዋናውን ፋይል ነው የሚያነበው። እኛ የምንልከው የመስኮት ብርሃን ያንጸባረቀበትን፣ ዘመም ብሎ የተነሳውን፣ ቴሌግራም ደግሞ አሳንሶ ያሳለፈውን ፎቶ ነው። ትንሿ ነጥብ መንገድ ላይ ትቀራለች። ለሐኪም መላክ ግድ ከሆነ ዋናውን በፍላሽ ለምኑ፣ በቴሌግራምም «ፎቶ» ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ።

ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ራጁ ንጹሕ ቢባልም አክታ ይመርመር። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

የድሮ ራጅ ደግሞ አትጣሉ። ነጥቧ አዲስ ትሁን የቆየች የሚያሳየው ካለፈው ጋር ማስተያየት ነው፤ ጠጣር ኖዱል 2 ዓመት ሙሉ ሳታድግ ከቆየች ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለችም። አያታችሁ ፍራሽ ስር ያስቀመጧት ፊልም ካለች፣ ሆስፒታል ስትሄዱ ይዛችኋት ሂዱ።